ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጭፈራና ስለ መምህራኑ

ጭፈራ ለብዙ ሰው የሠርግና የበዓል ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ርስቱንና ቋንቋውን ለተነጠቀ ሕዝብ እግርና እጅ እንደ ብራና ሆነው ታሪክ ጠብቀዋል። ለዚህም ምስክሩ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው ወደ አሜሪካ የተወሰዱት ሰዎችና የልጆቻቸው ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ሀብታቸውንና ዘመዳቸውን ሲያጡ፣ የአገራቸውን የከበሮ ምትና የእግር ስልት ግን በሰውነታቸው ይዘው ሄዱ። በ1739 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና፣ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ፣ ባሮች ከበሮ እየመቱ በጌቶቻቸው ላይ ተነሡ። ጌቶቹም ከበሮ ሕዝብ መጥሪያ መሆኑን አይተው፣ በ1740 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ባሮች ከበሮና መለከት እንዳይዙ ከለከሉ። ከበሮው በተከለከለ ጊዜ ባሮቹ በጭብጨባ፣ ጭንና ደረት በመምታት፣ በተረከዝም መሬቱን በመደብደብ ምቱን አቈዩት። ይህም ስልት ጁባ ይባል ነበር።

ከዚያም ወዲህ ይህ ስልት ከአየርላንድ ሰዎች ጭፈራ ጋራ ተገናኝቶ፣ ጫማ ወለሉን እንደ ከበሮ የሚመታበት ታፕ የተባለው ጭፈራ ተወለደ። በዚህ ጥበብ ቀድሞ ስሙ የተጠራው ዊልያም ሄንሪ ሌን ነው፤ እርሱም መምህር ጁባ ተብሎ በ1848 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ሕዝብ ፊት ጨፍሯል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ነጮች ፊታቸውን አጥቍረው የጥቁሩን ጭፈራ መሳቂያ ያደርጉት ስለ ነበር፣ የጥበቡ ክብር ተዋርዶ ቈየ።

ይህን ክብር በትምህርት ካነሡት አንዷ በ1909 ዓ.ም. የተወለደችው ካትሪን ደንሃም ናት። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ልማድ የሚመረምረውን ትምህርት ተማረች። በ1935 ዓ.ም. ወደ ጃማይካ፣ ወደ ማርቲኒክ፣ ወደ ትሪኒዳድና ወደ ሃይቲ ሄዳ፣ ከሽማግሎችና ከከበሮ መቺዎች እግር ሥር ተቀምጣ ጭፈራውን ከነምክንያቱ አጠናች። ያገኘችውንም ከአውሮፓው ባሌት ጋራ አስማምታ የራሷን የማስተማሪያ ስልት አወጣች። በኒው ዮርክ ባቆመችው ተማሪ ቤት ጭፈራ ብቻ ሳይሆን ቋንቋና የሕዝቦች ልማድም ይሰጥ ነበር። በ1944 ዓ.ም. በሉዊቪል ከተማ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው መቀመጣቸውን ባየች ጊዜ፣ ይህ ልማድ እስኪቀር ድረስ ወደዚያ እንደማትመለስ ለተመልካቾቹ በግልጥ ተናገረች። በ1963 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በታላቁ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ በግብፅ ስለ ተማረከች ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሚናገረውን አይዳ የተባለውን ሥራ ጭፈራ አሰናዳች። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በኢስት ሴንት ሉዊስ ለድሆች ልጆች አስተምራ፣ በ2006 ዓ.ም. ዐረፈች።

በትሪኒዳድ የተወለደችው ፐርል ፕራይመስም በ1944 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ሀገሮች ወርዳ ከድሆች ገበሬዎች ጋራ ጥጥ እየለቀመች ኑሮአቸውን አጠናች፤ በ1948 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ተጓዘች። አልቪን ኤሊ በ1958 ዓ.ም. የራሱን ጓድ አቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ የባሌት ጓድ ውስጥ የገባው አርተር ሚቸል ደግሞ፣ በ1968 ዓ.ም. ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ጊዜ ኀዘኑን ወደ ሥራ መልሶ፣ በ1969 ዓ.ም. በሃርለም ሰፈር ለጥቁር ልጆች የባሌት ተማሪ ቤት አቆመ።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና ሽማግሎች የሚያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ሕግ ከበሮን ሊከለክል ቻለ፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ዕውቀት ግን ሊያጠፋው አልቻለም። ሆኖም በእግርና በእጅ ብቻ የተያዘ ዕውቀት ተቀባይ ካጣ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ስለዚህ ሽማግሌው የሚያውቀውን ሳይሰስት ያሳይ፤ መምህሩም የሠፈሩን ጨዋታ ሳይንቅ ትርጓሜውን ጠይቆ ይጻፈው፤ ለልጆችም ያስተምረው።