ልጁ ከሚችለው መጀመር

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1994ቱ የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው ይማሩ ይል ነበር። በዚያው ዓመት 92 መንግሥታት ስፔን ሳላማንካ ላይ ተሰብስበው መደበኛው ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ እንዲቀበል ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ሰነድ ጎድሎ አያውቅም፤ የ2006ቱ ስትራቴጂ፣ የ2012ቱ ማሻሻያ፣ የ2016ቱ የአሥር ዓመት ዕቅድ እየተከታተሉ ወጥተዋል።

«እንደ ችሎታቸው» የምትለዋን ሐረግ ወደ ሥራ ለመለወጥ ከተነሡት መካከል ግን ወላጆች ይገኛሉ። በውበት ሙያ ማሠልጠኛቸው የሚታወቁት ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 ከማረፋቸው በፊት ከፊደላችን ድምፆች የተነሣ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ማስተማሪያ አዘጋጅተዋል።

ልጁ ከሚችለው የመጀመር ዘዴ ሲነገር ቀላል ነው። ሹራብ መልበስ ራሱ ብዙ ደረጃ አለው፦ አንገት ማስገባት፣ እጅጌ መፈለግ፣ ወደ ታች መሳብ። መምህሯ ሌላውን ሁሉ ታደርግና የመጨረሻዋን ስቦ ማውረድ ለልጁ ትተዋለች። ሥራውን የጨረሰው ልጁ ራሱ ነው፤ ይህ ያበረታዋል። በሌላ ሳምንት አንድ እጅጌ ይጨመራል። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ እስከ 100 በቃል ከማስቆጠር በፊት ሦስት ዳቦ ቆጥሮ ማምጣት ይቀድማል። በልጁ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ልጁ ብቻውን የሠራው፣ እጁ ተይዞ የሠራውና ገና ያልሞከረው ነው።

ይህን በተጨናነቀ መደበኛ ክፍል ውስጥ ማን ይሠራዋል? ሁሉም ልጅ በመደበኛው ክፍል ይማር በሚባልበት የአካቶ ትምህርት ዘመን ልዩ ክፍልን እንደ ኋላ ቀር ማየት ተለምዷል። እኔ ግን ረዳት መምህር ሳይኖር ልጁን መጨረሻው ረድፍ ላይ ማስቀመጥን አካቶ ማለት ይከብደኛል። ጎን ለጎን መቀመጥ ለጓደኝነት ይጠቅም ይሆናል (እሱም ቀላል ነገር አይደለም)፤ ለትምህርቱ ግን የራሱ ዕቅድና ዕቅዱን የሚከታተል ሰው ያስፈልገዋል።

በቅርብ ዓመታት ሥራው ወደ ቤትም ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ የዕድገት መዘግየት ወይም እክል ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ መሐል ነው። እንዲህ የሠለጠነች እናት ልጇ የሚችለውን ከማንም በላይ ታውቃለች። በምዝገባ ቀን ያንኑ በአንድ ገጽ አስፍራ ከክትባት ካርዱ ጋር ብታስረክብ፣ የአንደኛ ክፍል መምህሯ ከየት እንደምትጀምር ታውቅ ነበር።