እውነት ወይስ ተረት? «ሊኑክስ ጳጉሜን አያውቅም»

ከሚሴ ውስጥ ሊኑክስ የጫነ ሰው ቀጠሮውን ኮምፒውተሩ ላይ መያዝ ሲጀምር ብዙ ሳይቆይ የሚላት ነገር አለች፦ «ይሄ የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ ለፈረንጅ የተሠራ ነው።» እርስዎም ሳይሰሟት አይቀሩም። በንዴቱ አልፈርድበትም። የግኖም ካሌንደርን ወይም ተንደርበርድን ከፍቶ የሚያየው 12 ወር ብቻ ነው፤ ቅንብሩን ቢያገላብጥ «የኢትዮጵያ» የሚል ምርጫ አያገኝም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሦስት አቆጣጠር አንድ ቤት ይኖራል፦ የወረዳው ደብዳቤ በኢትዮጵያ፣ ከውጭ የሚመጣው ኢሜይል በፈረንጅ፣ ረመዳንና ዒድ በሂጅራ።

ግን «አያውቅም» ማለቱ ልክ አይደለም። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ የሚገኘው አይሲዩ የሚባል ላይብረሪ የኢትዮጵያንም የሂጅራንም ቀን ያሰላል። ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ካሌንደሩን ይክፈቱ፤ ጠቋሚውን አንድ ቀን ላይ አድርገው «ፒ»ን ቀጥሎ «ኢ»ን ሲነኩ የኢትዮጵያው ቀን ከታች ይወጣልዎታል። በ«ኢ» ፋንታ «አይ»ን ከነኩ ሂጅራው ይመጣል። የቀጠሮ ፕሮግራሞች የሚግባቡበት የአይካሌንደር ደንብ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣለት ማሟያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚደጋገም ቀጠሮን ይቀበላል። ማሟያው ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ የ13ኛው ወር መባቻ፣ ማለትም ጳጉሜን 1 ነው!

ታዲያ ተረቱ ለምን አልሞተም? ሰው የሚፈርደው ስክሪኑ ላይ ባየው ነው፤ ፕሮግራም ሠሪዎቹም ከታች ያለውን ስሌት ወደ ላይ አላወጡትም። በኬዲኢ 4 ዴስክቶፕ ላይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ምርጫ ነበር፤ ኬዲኢ 5 ሲሠራ ቀረ። ይህ ያስቆጨኛል። ለሠሪዎቹ ስንጽፍ ያለውን እንዲያሳዩን፣ የነበረውንም እንዲመልሱልን አጥብቀን መጠየቅ አለብን።

ሌላው የሚባለው «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በየዓመቱ ይደገም ብሎ መመዝገብ ይበቃል» የሚል ነው። ከአራቱ ዓመት ሦስቱን ስለሚሠራ ሰው ያምነዋል። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን አዲሱ ዓመት በ12 ይገባል፦ 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ 2020ም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይገባል። የአንድ ቀኗ ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ትዘልቃለች። ስለዚህ የጥርም ሆነ የኅዳር ቀጠሮዎ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ይጮኻል። ረመዳንማ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ በፈረንጅ ቀን «ይደገም» ብሎ መመዝገቡ ከንቱ ድካም ነው፤ ፕሮግራሙ ያሰላው ሂጅራም ጨረቃ ከታየችበት ቀን ጋር በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል።

«የኮምፒውተሩን ዓመት 7 ወይም 8 ወደኋላ መልሰው፣ የኛ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ይህ ጉዳት አለው። ድረ ገጾች የሚጠበቁበት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተርዎ ዓመታት ወደኋላ ከቀረ ብራውዘሩ «ገና አልጸናም» ብሎ ገጹን አይከፍትልዎትም። ጽሕፈት ቤት ገብቶ ማመልከቻ በኦንላይን ሊሞላ የመጣ ልጅ ኔትወርኩን እየረገመ ይመለሳል፤ ጥፋቱ የቀኑ ነው።

በሰዓቱም እንዲሁ ነው። ስድስት ሰዓት ወደኋላ አይመልሱት፤ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ ያድርጉና የጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮዎን 9፡00 ብለው ያስገቡ። 3፡00 ካሉት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቅስዎታል።