አፍ ላይ የሚጥሙ ቃላት

በአማርኛ «ብልጭ»፣ «ድርግም»፣ «እልም»፣ «ዱብ» የመሳሰሉት አጫጭር ቃላት ድርጊትን ከመሰየም አልፈው ድምፁን፣ ፍጥነቱን ወይም መልኩን በአነጋገር ስለሚቀዱ፣ የሥነ ልሳን ምሁራን አይዲዮፎን ይሏቸዋል። ራሳቸው እንደ ግሥ ስለማይረቡም «አለ» ወይም «አደረገ» በሚሉት ግሦች ተደግፈው ይነገራሉ፤ አምፖል «ብልጭ ድርግም ይላል» ሲባል ጊዜን፣ ጾታንና ቁጥርን የሚሸከመው ግሡ ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚስሉት ግን ሳይለወጡ የሚቀሩት ሁለቱ ቃላት ናቸው።

ተናጋሪዎች የሚወዷቸው አፍ ራሱ ድርጊቱን የሚጫወት ስለሚመስል ነው፤ «ብልጭ» በሚፈነዳው «ጭ» ሲያበቃ፣ «ድርግም»፣ «እልም» እና «ዝም» ከንፈርን በሚገጥመው «ም» ይዘጋሉ። ይሁንና «ጸጥ» ከ«ዝም» ጋር የሚቀራረብ ትርጉም ይዞ ከንፈርን ሳያስገጥም ስለሚያበቃ፣ ነገሩን ሕግ ማድረግ አይቻልም። እንደ «ድብልቅልቅ» እና «ብልጭልጭ» ባሉት ደግሞ የተነባቢዎቹ መደጋገም የነገሩን ብዛት ወይም ትርምስ ያጎላል።

የሕግና የአስተዳደር ጽሑፍ እነዚህን ቃላት አጥብቆ ይሸሻል፤ ተረት ነጋሪ ግን ያለ እነርሱ አንዲት ጅብ እንኳ ከጫካ ማስወጣት ይቸግረዋል።