ከጉትያው ሥር ያለው አጥንት

ፖሊሽ የተባለውን የዶሮ ዝርያ ያየ ሁሉ ቀድሞ የሚያስተውለው ጉትያውን ነው። የሴቷ ላባ ድቡልቡል ክምር ሠርቶ ይቆማል፤ የአውራው ግን ረጅምና ሹል ስለሆነ ወደ ኋላና ወደ ጎን ተበታትኖ ይወርዳል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የጾታ ሆርሞን ነው።

ስሙ ፖላንድን ቢያስታውስም ዝርያው ከዚያ ለመምጣቱ ማስረጃ አልተገኘም። ታሪኩ ጎልቶ የሚታየው በኔዘርላንድስ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሜልኪዮር ደ ሆንደኩተር የተባለው የአእዋፍ ሠዓሊ ባለ ጉትያ ዶሮዎችን በሸራዎቹ ላይ አኑሯል። አሜሪካውያን አርቢዎችም በ1874 እ.ኤ.አ. ባወጡት የዝርያዎች መመዘኛ መጽሐፍ ውስጥ አስገብተውታል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ላባው የሸፈነው ነገር ነው። የፖሊሽ የራስ ቅል ከፊት በኩል ወደ ላይ ያበጠ ሲሆን፣ ገና የተፈለፈለች ጫጩት እንኳ በዚህ እብጠት ትለያለች። አጥንቱ ብዙ ጊዜ ሳይገጥም ስለሚቀር ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ አንጎልም ወደ እብጠቱ ይገባል። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 እ.ኤ.አ. ስለ ለማዳ እንስሳት ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን የራስ ቅል በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል። በእነዚህ ቀዳዳዎች የተነሳ ሌላ ዶሮ አናቷን አጥብቆ ቢጠቀጥቃት ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ሰው ለዓይኑ ደስታ ሲል የመረጠው ውበት ዋጋውን የሚያስከፍለው ዶሮዋን ነው።

የጉትያ ዘረ መል ከወላጅ በአንድ ቅጂ ብቻ ቢወረስም ጉትያው ይታያል፤ ሁለት ቅጂ የወረሰ ዶሮ ላባው ይበልጥ ይገዝፋል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን የፈለጉት ሆክስ በሚባሉት ዘረ መሎች ውስጥ ነው። እነዚህ ዘረ መሎች ሽሉ ሲያድግ የትኛው የሰውነት ክፍል ምን መምሰል እንዳለበት ይወስናሉ። ባለ ጉትያ ዶሮዎች ላይ፣ በተለመደው ሁኔታ በግንድ አካል የሚሠራው ሆክስ ሲ 8 በራስ ቆዳ ላይም ሲሠራ ተገኝቷል። የራስ አጫጭር ላባዎች የጀርባን ላባ ያህል የሚረዝሙት በዚህ የተነሳ ይመስላል።

ጉትያ በእኛም ሀገር የሚታወቅ ነው። የገጠር አርቢዎች አናቷ ላይ የላባ ክምር ያላትን «ጉትያ»፣ ራሷ ለስላሳ የሆነችውን ደግሞ «እባብ ራስ» ይሏታል፤ የሀገራችን ጉትያ ግን ከፖሊሹ በእጅጉ ያንሳል።

ፖሊሽ ነጭ እንቁላል ትጥላለች፤ ለመታቀፍ ግን እምብዛም አትጓጓም። ላባው እይታዋን ስለሚጋርድ ትደነግጣለች፤ ጭልፊት ሲመጣም ዘግይታ ታያለች። ስለዚህ አርቢዎች በዓይኗ ዙሪያ ያለውን ላባ ይከረክማሉ፣ ጉትያው እንዳይረጥብ አፉ ጠባብ የሆነ የውኃ ዕቃ ያቀርቡላታል፣ ቅማል እንዳይራባበትም ላባውን እየገለጡ ይፈትሻሉ።