አልጋ ላይ ስትገላበጡ ቤቱ ይዞርባችኋል?

ከአልጋ ስትነሱ ወይም ቀና ብላችሁ ከመደርደሪያ ዕቃ ስታወርዱ ቤቱ ዞሮባችሁ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከቆመ፣ «ደም ግፊት ነው» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ጆሯችሁን አስቡ።

የውስጠኛው ጆሮ ሥራ መስማት ብቻ አይደለም። በውስጡ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ለአንጎል መልእክት ይሄዳል። ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ከረጢት ውስጥ ደግሞ ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ተጣብቀው ይኖራሉ። በዕድሜ ወይም ጭንቅላት በመመታቱ ተላቀው ቱቦ ውስጥ ሲገቡ ፈሳሹን ይገፋሉ። ያኔ አንጎል ሳትዞሩ እየዞራችሁ እንደሆነ ይነገረዋል። መስማታችሁ ግን አይቀንስም።

ምርመራው ቀላል ነው፦ ሐኪሙ ጭንቅላታችሁን 45 ዲግሪ አዙሮ ፈጠን አድርጎ በጀርባ ያስተኛችኋል። የዓይናችሁ ኳስ መንቀጥቀጥ ጠጠሩ ያለበትን ጆሮ ይጠቁመዋል።

ዋናው ሕክምናም ኪኒን ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘዴ፣ ጭንቅላት ደረጃ በደረጃ እየዞረ ጠጠሩ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የማዞር ኪኒን ስሜቱን ቢያስታግስም ጠጠሩን ከቦታው አያነሳም። ሕመሙ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል፤ ያኔም ሕክምናው ያው ነው።

ማዞሩ ለሰዓታት ከቆየ፣ ወይም የጆሮ ጩኸትና የመስማት መቀነስ ከታከለበት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም እጅና እግር ከዛለ ግን ሳትዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ድረሱ፤ የአንጎል ስትሮክ ሊሆን ይችላል።