የኤች.አይ.ቪ. ክትባት ለምን ዘገየ?



በአምስት ኪሎ አካባቢ የቲሞችን የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡልናል፦ ለኩፍኝና ለፖሊዮ ክትባት ከተገኘ፣ የብዙዎቹን ልጆች ወላጆች ለነጠቀው ኤች.አይ.ቪ. ለምን ታጣለት? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ የተረዳነውን ያህል እናብራራለን።

በደማችን ውስጥ «ረዳት ቲ ሴሎች» የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ሐኪም ቤት «ሲዲ 4» ተብለው የሚቆጠሩት እነርሱ ናቸው። ዋነኛ ሥራቸው መግደል ሳይሆን ማዘዝ ነው። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ሴሎች ያነቃቃሉ፤ በቫይረስ የተያዘን ሴል የሚያጠፉትንም ያበረታሉ። ስለዚህ ጥሩ ክትባት እነርሱን ማንቃት ይኖርበታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ኤች.አይ.ቪ. የሚወርረው ይህንኑ ሴል፣ ይልቁንም የነቃውን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2007 «ስቴፕ» የተባለው ሙከራ ሲቋረጥ፣ ከተከተቡት ወንዶች በከፊሎቹ ላይ በቫይረሱ የመያዝ ዕድል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አንዳንድ ተመራማሪዎችም ምክንያቱ ይኸው እንዳይሆን ጠረጠሩ። በታይላንድ ከ16,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 የ31 በመቶ ያህል መከላከያ ቢያሳይም፣ ተሻሽሎ በደቡብ አፍሪካ የተሞከረው በ2020 ፍሬ በማጣቱ ቆመ።

አገራችንም በዚህ ዕውቀት ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። በዚያ ዘመን በተደረጉት ጥናቶች፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን እንኳ የረዳት ሴሎቻቸው ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ፣ ከእነዚያም የነቁት የበዙ ሆነው ተገኙ። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የአንጀት ትል ነው። የትል ኪኒን ለእኛ ተራ ነገር ይመስለን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የኢትዮጵያ ጥናት፣ አስቀድመው የትል መድኃኒት ወስደው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የተከተቡ ሰዎች ቲ ሴሎቻቸው ካልታከሙት የተሻለ ምላሽ ሰጥተዋል። ክትባቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ በተቀባዩ አካል ሁኔታ ተለየ ማለት ነው። ወደፊት የኤች.አይ.ቪ. ክትባት ቢገኝ ይህ ጉዳይ የእኛን ልጆች በቀጥታ ይመለከታል።

ክትባቱ ዛሬም አልተገኘም። ተመራማሪዎች አሁን የሚጥሩት ፀረ እንግዳ አካል አምራቾቹን ሴሎች፣ በረዳቶቹ እገዛ፣ ደረጃ በደረጃ ለማሠልጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነ አንድ ሙከራ ከ36 ተከታቢዎች በ35ቱ የተፈለጉት ሴሎች ነቅተው ታይተዋል። ይህ ግን የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው፤ ከበሽታው ይከላከል እንደሆነ በዚያ ሙከራ አልተመረመረም።