የኔትወርክ ካርዱ ተበላሽቷል ከማለታችን በፊት

በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ የኔትወርክ ካርድ ሰክተን መስመሩ እምቢ ሲል ብዙዎቻችን «ካርዱ ተቃጥሏል» ብለን እንፈርዳለን። እዚህ ጉለሌም ሆነ ነገ በምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ያጋጥሙናል። ስለዚህ ደህናው ዕቃ ያለጥፋቱ ግምጃ ቤት ተጥሎ እንዳይቀር የችግሩን ምክንያት መለየት ይገባናል።

ለመሆኑ ግጭት ሲባል ምን ማለት ነው? በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ዋናውን አንጎል የሚጠራበት ደወል አለው። በቀድሞዎቹ ማሽኖች ደወሎቹ ከ0 እስከ 15 ቁጥር ያላቸው 16 ብቻ ናቸው። 0 የሰዓቱ፣ 1 የፊደል ገበታው ነው። 3 ቁጥር ብዙ ጊዜ የሁለተኛው ኮም መሰኪያ፣ 5 የድምፅ ካርድ፣ 7 ደግሞ የማተሚያው ይሆናል። ኤን ኢ 2000 የሚባለው የድሮ ኔትወርክ ካርድ በ3 ቁጥር ላይ ከተቀመጠና ኮሙም እዚያው ካለ፣ ደወሉ ሲጮኽ ማን እንደጠራ አይታወቅም። አድራሻም እንደዚሁ ነው። ለሁለት ሰው አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ቢሰጥ ደብዳቤው ይደባለቃል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ቁጥሮቹን ራሱ ማደል ጀመረ። ከዚያም ፒ.ሲ.አይ. የተባለው መሰኪያ ሲስፋፋ ካርዶች አንዱን ደወል መጋራት ቻሉ። በመሆኑም ዛሬ እውነተኛ ግጭት እምብዛም አይታይም፤ የሚበዛው የድራይቨር ጉድለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ገመዱ በደንብ መሰካቱንና የካርዱ መብራት መብራቱን እንይ።

2ኛ/ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተን ቢጫ ምልክት እንፈልግ። ኮድ 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 12 ከሆነ ግን ዕቃው ነፃ ቁጥር ወይም አድራሻ አጥቷል፤ ግጭት ማለት ይኸው ነው።

3ኛ/ ድራይቨር ስንፈልግ ካርቶኑን ሳይሆን በካርዱ ትልቁ ቺፕ ላይ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ «ሪልቴክ 8139» የሚለውን እንከተል። ኔትወርኩ ስለማይሠራ ድራይቨሩን ከሌላ ኮምፒዩተር በፍላሽ ማምጣት ነው።

4ኛ/ ግጭት ከሆነ ባዮስ ውስጥ ገብተን የማንጠቀምበትን የኮም መሰኪያ ወይም ከማዘር ቦርዱ ጋር የመጣውን ኔትወርክ እንዝጋ።

5ኛ/ ካልሆነም ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለን፣ የሣጥኑን ብረት ነክተን ካርዱን ወደ ሌላ መሰኪያ እናዛውረው።

6ኛ/ በመጨረሻም ካርዱን በሌላ ኮምፒዩተር እንሞክረው። እዚያም እምቢ ካለ ያን ጊዜ ተበላሽቷል ብንል ያምርብናል።

አንድ ነገር እንዳንረሳ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ የለወጥነውንም በደብተር እንጻፍ። ሁሉንም ባንዴ የነካካ ሰው ማሽኑ ቢሠራለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ለተማሪውም ሊያስረዳ አይችልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!